ምዕራፍ ሰባት፦ ከእሳት አለት ሥር የተከደነ ባሕር

ቡታጅራ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዘቢዳር ተራራ ላይ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞር ሲል መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ ደግሞ የሀረ ሸይጣን ሐይቅ አለ፤ ወደ ላይ የገፋ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የከፈተው ጉድጓድ ነው። (ስለ ስሙ የሚነገረውን ተረት ለአካባቢው አዛውንቶች እተወዋለሁ፤ እነሱ ያሳምሩታል።) ተራራው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ በየማሳው የተበተነው ጥቁር ድንጋይም፣ የሐይቁ ገደልም እንዲሁ። እዚህ አገር ስለ እሳት ማውራት ቀላል ነው። ስለ ባሕር ያወራ ሰው ግን "ምን ነካው?" መባሉ አይቀርም።

ይህ ምዕራፍ ስለ ባሕር ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ የአለት ዕድሜ እንዴት እንደሚነበብ፣ በአምስተኛው ደግሞ ስምጥ ሸለቆው መሬቱን እንዴት እንደሰነጠቀው አይተናል። ሁለቱን ስናገናኛቸው ሦስተኛ ነገር ይወጣል፤ ከዚህ ሁሉ የእሳት አለት በታች የጥንት ባሕር ወለል አለ። በዚያ ባሕር ዘመን በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ ዛሬ አምሳያ የሌለው አንገተ ረጅም እንስሳ ይኖር ነበር። እንዲህ ያለ እንስሳ በእኛ ባሕር ሞቶ ከሆነ ምን ቀበረው፣ ምንስ ከደነው፣ ክዳኑስ የት ላይ ተከፈተ? የምዕራፉ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሊቁን ያስጠረጠረ አንገት

በ1823 መገባደጃ (ዓመቶቹ እንደ ቀደሙት ምዕራፎች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ እንግሊዝ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሜሪ አኒንግ የተባለች ሴት ከገደል ሥር አንድ ሙሉ አጽም አወጣች። አኒንግ የአናጢ ልጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ኑሮዋን የምትመራው ከገደሉ የምታወጣውን ቅሪተ አካል እየሸጠች ነው። የአጽሙ ሥዕል ፓሪስ ሲደርስ በዘመኑ በአጥንት ጥናት ወደር ያልነበረው ጆርጅ ኩቪዬ የተገጣጠመ ሐሰት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ያስጠረጠረው የአንገቱ አጥንት ብዛት ነው። እርስዎ በአንገትዎ ውስጥ ያሉዎት የአከርካሪ አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ ቀጭኔም ያን ሁሉ አንገት ይዛ ያላት ሰባት ነው። የአኒንግ እንስሳ ግን ሠላሳን ያለፈ ነበረው። ጉዳዩ በለንደን በጂኦሎጂ ማኅበር ፊት ቀርቦ ተመረመረ፤ አጽሙ እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ኩቪዬም ጥርጣሬውን አነሣ። የእንስሳው ስም ፕሌሲዮሳር ነው።

ከዚያ በኋላ የተገኙት ዘመዶቹ የባሰባቸው ሆኑ። አሜሪካ ውስጥ የተገኘው ኤላስሞሳውረስ በአንገቱ 72 አጥንት አለው። በ2012 ስም የወጣለት የካናዳው አልበርቶኔክቴስ 76 አጥንት ሲኖረው፣ አንገቱ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 11 ሜትር ገደማ ነው። ኤላስሞሳውረስን በ1868 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ኮፕ ደግሞ ያ ሁሉ አንገት፣ አንገት ነው ብሎ ማመን ስላቃተው ይመስለኛል፣ ጅራት ነው ብሎ የራስ ቅሉን በሌላኛው ጫፍ ገጠመው። ስህተቱን ያሳዩት ሌላ ሊቅ ናቸው፤ ኮፕ የታተመውን ጽሑፍ ከየሰዉ እጅ ለመሰብሰብ ሞክሮ ነበር ይባላል።

ፕሌሲዮሳር ዳይኖሰር አይደለም፤ ዘመናቸው አንድ ቢሆንም የዘር ሐረጋቸው ሌላ ነው። ዓሣም አይደለም። በሳንባ የሚተነፍስ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ የሚል፣ አራት እግሮቹ ወደ አራት መቅዘፊያ የተለወጡ የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነው። ለምን አራት? ዔሊም ሆነች ዓሣ ነባሪ ዋናውን የመግፋት ሥራ ለአንድ ጥንድ አካል ወይም ለጅራት ሰጥተዋል። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የመቅዘፊያዎቹን ቅርጽ ሠርተው በውኃ ገንዳ ውስጥ ሲያንቀሳቅሱት፣ በ2017 እንዳሳተሙት፣ የፊተኛው መቅዘፊያ ከኋላው የሚተወውን የውኃ ሽክርክሪት ኋለኛው በልኩ ሲያገኘው የኋለኛው የመግፋት ኃይል እስከ 60 በመቶ ይጨምራል። አራቱም የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው ማለት ነው።

በየመጽሐፉ የሚሳለው ሥዕል፣ አንገቱን ከውኃ በላይ ቀጥ አድርጎ አካባቢውን የሚቃኝ እንስሳ፣ እውነት አይመስልም። የአጥንቶቹ መገጣጠሚያ ያን ያህል ወደ ላይ መታጠፍን አይፈቅድም፤ ያን የሚያህል አንገት ከውኃ ውጭ ለመሸከምም ክብደቱ አይፈቅድም። አንገቱ የሚጠቅመው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው፤ ትንሿ ራስ ከዓሣ መንጋው ስትደርስ ትልቁ ገላ ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዳንዶቹ ከባሕሩ ወለል ቀንድ አውጣና ዛጎል ይለቅሙ እንደነበር አውስትራሊያ ውስጥ ከተገኙ አጽሞች ሆድ ታውቋል። እንቁላል ሊጥሉ ወደ ዳርቻ አይወጡም ነበር። በ2011 ይፋ የሆነ ከካንሳስ የተገኘ አጽም በሆዱ አንድ ትልቅ ጽንስ ይዟል፤ ይወልዱ ነበር። ዘራቸው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ታይቶ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሰሮቹ ጋር ጠፍቷል።

የሚቀበርና የሚተርፍ

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ከሞቱት ስንቶቹ ቀሩ? መልሱ "ከቁጥር የማይገቡ ጥቂቶች" የሚል ነው። በባሕር ላይ የሞተ እንስሳ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ ይንሳፈፋል፤ ራሱ ይወድቃል፣ መቅዘፊያው ይገነጠላል፣ የቀረውን ዓሣ ይቀራመተዋል። ወለሉ ላይ የደረሰውም አየር ካለበት ይበሰብሳል። ተርፎ ድንጋይ እንዲሆን ቶሎ መቀበር፣ ከአየር መለየትና ሳይነካካ ረጅም ዘመን መቆየት አለበት።

ይህን ለማስረዳት ከጉራጌ ጓሮ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እንሰቱ ተፍቆ፣ አሚቾው ተወቅጦ የተዘጋጀው ቆጮ ሲቀበር ጉድጓዱ ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ይለበጣል፤ ከሞላ በኋላ ቅጠሉ ከላይ ይታጠፍበታል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ይህን ሥራ የሚያውቁትን እናቶች ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ጠይቁ፤ "አየር እንዳይገባው" ይሏችኋል። አየር የገባበት ቆጮ ይበላሻል፤ በደንብ የታፈነው ግን ለወራት፣ ካስፈለገም ለዓመታት ይቆያል። ጉድጓዱ፣ ክዳኑና የሚከፍተው እጅ ሲሟሉ ምግቡ ማዕድ ላይ ይደርሳል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የለም።

ለጥንት እንስሳም እነዚሁ ሦስቱ ያስፈልጉታል። ጉድጓዱ የባሕሩ ጭቃ ነው። ላይም ሪጂስ አጽም በአጽም የሆነችው ጥንት እዚያ ብዙ እንስሳ ስለኖረ ብቻ አይደለም፤ የወለሉ ጭቃ ጥቁርና አየር የሌለው ስለነበረ ነው። ክዳኑ ከላይ የሚከመረው ደለልና አለት ነው። የሚከፍተው እጅ ደግሞ ወንዝ፣ የባሕር ማዕበል ወይም የምድር መሰንጠቅ ነው፤ ላይም ሪጂስ ላይ ገደሉን በየዓመቱ የሚንደው ማዕበሉ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቆጮው ቆጮ ሆኖ ይወጣል፤ አጥንቱ ግን በረጅሙ ጊዜ ውስጥ በከርሰ ምድር ውኃ የሚመጡ ማዕድናት ቀዳዳውን ሞልተውት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ቅርጹ ይቀራል፤ ገላው ተለውጧል።

የእኛ ባሕር

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንግባ። ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አፍሪካ፣ ማዳጋስካርና ሕንድ የአንድ ታላቅ አህጉር ክፍል ነበሩ። ያ አህጉር መከፈል ሲጀምር በስንጥቁ በኩል ባሕር ገባ። መንገዱም ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የዛሬዋን ሶማሊያንና ኦጋዴንን አልፎ፣ የሐረርን ምድር ሸፍኖ፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በኩል እስከ ትግራይ ደረሰ። ውኃው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ነበር። ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ገፋ አለ፣ ሸሸ አለ፣ እንደገና ገፋ።

ይህን ታሪክ ለማንበብ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ መያዝ ነው። የአውቶቡሱ መስኮት ይበቃል። መጀመሪያ ጥቁሩ የእሳት አለት ይታያል። ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፤ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች የተዉት ነው፤ ሙገር አካባቢ ከዚህ ንብርብር የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል። ከዚያ በታች ግራጫና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይጀምራል። ይህ የባሕሩ እውነተኛ ወለል ነው፤ ከዛጎል፣ ከኮራልና ከጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት የተከማቸ። ከእርሱ በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር ይመጣል፤ ገና የመጀመሪያው ውኃ እየገባ በፀሐይ ሲተንን የተወው ነው። ሸለቆው ግርጌ ደግሞ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፤ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ምድር።

የአዲግራትና የአንጣሎ የሚሉትን የአለት ስሞች ያወጣው ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ሌላው መድፍ ሲቆጥር እርሱ ድንጋይ ይመለከት ነበር። በመቀሌ ዙሪያ የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውፍረቱ ወደ 700 ሜትር ይደርሳል። ሙገር፣ ድሬዳዋና መሰቦ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩት የዚያኑ ባሕር ወለል ነው። ስለዚህ ወልቂጤ ላይ በሙገር ሲሚንቶ ግድግዳውን ያስለሰነ ሰው ያ ባሕር ቤቱ ድረስ መጥቶለታል።

ከሐረር የሄደው መንጋጋ

ባሕሩ ከነበረ እንስሳውስ? እዚህ ጋ ታሪኩ ይጣፍጣል።

በ1938 የቱቢንገኑ ሊቅ ፍሬድሪክ ፎን ሁኔ ከሐረር አካባቢ ስለተገኘ የታችኛ መንጋጋ የፊት ቁራጭ ጻፉ። ቁራጩን የሲሞሌስቴስ ነው አሉት፤ በጂኦሎጂስቱ ኤርንስት ኖቫክ መታሰቢያም ሲሞሌስቴስ ኖቫኪያኑስ የሚል ስም ሰጡት። ሲሞሌስቴስ ከፕሊዮሳሮች ወገን ነው፤ የአንገተ ረጅሞቹ ሥጋ ዘመድ፣ አራቱ መቅዘፊያ ያለው፣ ግን አንገቱ አጥሮ ራሱ የገዘፈ አዳኝ። ስለዚህ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ያህል ኢትዮጵያ የራሷ ስም ያለው የፕሌሲዮሳር ቤተሰብ አላት ተብሎ በመዝገብ ተቀምጦ ኖረ።

በ1996 ፈረንሳውያኑ ናታሊ ባርዴና ስቴፋን ሁዋ ያንኑ ቁራጭ እንደገና መረመሩ። መንጋጋው የፕሊዮሳር አይደለም፤ የባሕር አዞ ነው ሲሉ ደመደሙ። ዛሬ እንስሳው ማኪሞሳውረስ ኖቫኪያኑስ ይባላል። ማኪሞሳውረሶች ጥርሳቸው ስለታም ሳይሆን ደንዳና ነው፤ ለመቁረጥ ሳይሆን ለመስበር የተሠራ። በአውሮፓ የዚያ ዘመን የባሕር ዔሊዎች ቅርፊት ላይ የእነሱ የሚመስል የጥርስ ምልክት ተገኝቷል። የቱኒዚያው ዘመዳቸው፣ በ2016 ይፋ የሆነው፣ የራስ ቅሉ መጠን ራሱ ያስፈራል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው አጣነው" ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሁኔ ሰነፍ አልነበሩም፤ በእጃቸው የነበረው ቁራጭ ነው። ሁለቱም እንስሳት ትልልቅ፣ ሁለቱም የባሕር አዳኞች፣ ሁለቱም በመንጋጋቸው የጥርስ ጉድጓድ ያላቸው ናቸው። ጅራት ቢገኝ፣ መቅዘፊያ ቢገኝ ጥያቄው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ለእኛ የሚቀረው ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ሌላ ነው፦ ከዚህ ባሕር ወለል የአንድ ትልቅ አዳኝ አጥንት ሳይበሰብስ ተቀብሮ፣ ተከድኖ፣ ተከፍቶ ተገኝቷል። ያን ያህል አዞ የሚመግብ ባሕር ዓሣውም፣ ዔሊውም፣ ሌሎች አዳኞችም ነበሩት። ጉድጓዱ ይሠራል ማለት ነው።

ክዳኑና ስንጥቁ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አባይ፣ ስለ መቀሌና ስለ ሐረር ነው። ጉራጌስ?

ባሕሩ ከሸሸ ከረጅም ዘመን በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት ደጋውን ደጋግሞ አለበሰው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከኪሎ ሜትር ይበልጣል። የጉራጌ ተራሮችም ከዚህና ከእርሱ በኋላ ከመጡት ፍንዳታዎች የተገነቡ ናቸው። ይህ ክዳኑ ነው፤ ከቆጮው ጉድጓድ ላይ ከሚጫነው ድንጋይ ጋር ሳነጻጽረው መጠኑ ያስቀኛል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ከሥሩ ያለውን ከዝናብና ከወንዝ ጠብቆ አቆየው። ያው ክዳን ደግሞ ከዓይናችን ሰወረው። የወልቂጤ ልጅ የባሕር ድንጋይ ሳያይ የሚያድገው ለዚህ ነው።

የሚከፍተው እጅ መጣ፤ ስምጥ ሸለቆው። በአምስተኛው ምዕራፍ እንዳየነው ምድር ወደ ጎን ስትሳብ አንዱ ቁራጭ ሲሰምጥ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡታጅራ በፊት፣ ኬላ የምትባል ከተማ አለች። መንገደኛ ቡና ጠጥቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። በጂኦሎጂስቶች ዘንድ ግን ስሟ ከከተማዋ ይገዝፋል፤ ምክንያቱም በዚህ ቦታ ስንጥቆቹ አንድ የመሬት ቁራጭ ከፍ አድርገው ይዘውት ከእሳት አለቱ ሥር ያለው ይታያል። ግርጌው ከእንስሳ ዘመን በፊት የነበረው መሠረት አለት ነው፤ በላዩ ባሕሩ በመጣበት በመካከለኛው የሕይወት ዘመን የተከማቸ ደለል አለት፤ ከዚያም በላይ የእሳቱ አለት። የአባይ ሸለቆ በሺህ ሜትር ጥልቀት የሚያሳየውን ቅደም ተከተል ኬላ ጠበብ አድርጋ ታሳያለች። ጊዳይ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት የመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ጥናትም፣ ከእርሱ በኋላ ስለ ኬላ ብቻ የተጻፈውም፣ ቦታዋን ትልቅ ዋጋ ሰጥተዋታል። በስምጥ ሸለቆው መካከለኛ ክፍል እንዲህ ያለ መስኮት እምብዛም የለም።

ወልቂጤ ዕድሏ ሌላ ነው። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ በመሆኑ ወደ ምዕራብ በሄዱ ቁጥር የባሕሩ ደለል እየሳሳ ይሄዳል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወርደው የጊቤ ሸለቆ ጥልቅ ቢሆንም አባይ ላይ እንዳለው ያለ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ አይታይበትም። እዚያ አንገተ ረጅም እንስሳ የሚፈልግ ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ ይህንን በግልጽ መናገር ይሻላል።

የት ይፈለግ?

ከኢትዮጵያ ተገኝቶ ስም የወጣለት አንገተ ረጅም ዝርያ የለም። ከሞሮኮ አለ፤ ዛራፋሳውራ ይባላል። ከአንጎላም አለ፤ ካርዲዮኮራክስ። ሞሮኮ ውስጥ እንዲያውም በ2022 እንደተዘገበው ከወንዝ ደለል የትናንሽ ፕሌሲዮሳሮች አጥንትና ጥርስ ተገኝቷል፤ ከባሕር ወጥተው በጨው አልባ ውኃ ይመላለሱ ነበር ማለት ነው። የእኛ ባሕር ከእነዚህ አንሶ አይደለም። ልዩነቱ የፈላጊ ነው። በአገራችን የቅሪተ አካል ጥናት ስም፣ ገንዘብና ሰው በአብዛኛው ለሰው ዘር አመጣጥ ተሰጥቷል፤ ከሉሲ በኋላ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ውጤቱም ዓለምን አስተምሯል። ነገር ግን የ3 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ፍለጋ የሠለጠነ ዓይን በ150 ሚሊዮን ዓመቱ ድንጋይ አጠገብ ሳያይ ያልፋል።

የሚፈለገው ደግሞ የትም ቦታ አይደለም። ነጩና ጠንካራው የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው የተከማቸው ማዕበል በሚያንገላታው፣ አየር በበዛበት ጥልቀት የለሽ ውኃ ነው፤ ዛጎል ይተርፍበታል፣ ሙሉ አጽም ግን ይበተንበታል። የተሻለው ተስፋ በኖራ ድንጋዩ መካከልና በላዩ ያለው ጠቆር ያለ፣ በቅጠል በቅጠል የሚላጥ የጭቃ ድንጋይ ነው። መቀሌ አካባቢ የአጉላዕ የሚባለው ንብርብር እንዲህ ያለ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድንጋይ ካባዎች ደግሞ በየቀኑ አዲስ ግድግዳ ይከፍታሉ፤ የላይም ሪጂስ ማዕበል የሚሠራውን ሥራ እኛ በማሽን እየሠራነው ነው፤ ከማሽኑ ኋላ ሆኖ የሚመለከት ግን የለም።

በአገራችን ከሁሉ በፊት አጥንት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ እረኛ፣ ድንጋይ ፈላጭ ወይም ተማሪ ነው። ኬላ ያላችሁ መምህራን፣ ክፍላችሁን ይዛችሁ ወደ ስንጥቁ ውጡ፤ ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ያ ይሻላል። በኖራ ድንጋይ ወይም በጠቆረ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ክብ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ እንደ ጥቅል የተደረደረ ነገር ወይም የጥርስ ረድፍ ያየ ሰው አይንቀለው፣ አይጠበው፣ ለገዢም አይስጠው። ከነቦታው ፎቶ ያንሣ፤ ቦታውን በደንብ ይመዝግብ፤ ለቅርቡ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ከቦታው የተነቀለ አጥንት ዕድሜው ይጠፋል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ የትኛውም ሊቅ መልሶ ሊያገኝለት አይችልም።